የቀደመው ረድፍ የቱ ነው?

ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ የወጣን ተማሪዎች አንዳንድ ነገር ጽፈን እንድናመጣ ተጠይቀን ነበር። እኛ ሦስታችን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነን። ስለ ተለማመድንበት መሥሪያ ቤት ልንጽፍ አስበን ጀምረንም ነበር። ነገር ግን በዚያ ክረምት ያጋጠመን ከባዱ ነገር ቢሮ ውስጥ ሳይሆን የተከራየንበት ግቢ ውስጥ የሆነው ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ግቢ» ስንል ዩኒቨርሲቲውን ማለታችን አይደለም።) ሦስታችንም እኩል ስላጠፋን «እኛ» እያልን ነው የምንጽፈው፤ ማን የቱን መስመር እንደጻፈ አትጠይቁን።

በሰኔ 2016 ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራየን። ግቢው ውስጥ አራት ቤት ነበር፤ አከራያችን እማማ የሚኖሩበት ዋናው ቤት፣ የአንድ ሾፌር ቤተሰብ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት እህት ከልጇ ጋር፣ እና እኛ። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣበት ሌሊት ግቢው ሁሉ ይነቃል፤ በርሜሉ፣ ባልዲው፣ ጀሪካኑ ይሰለፋል። እኛም ሱብሒ ከሰገድን በኋላ ጀሪካናችንን ይዘን ተራ እንይዝ ነበር።

ግቢው ከመንገድ የሚገባለት ዋና ቆጣሪ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ለየቤቱ ትንንሽ ቆጣሪ ተገጥሟል። በአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ከፍ እያለ ይሄዳል። አራት ቤት በአንድ ዋና ቆጣሪ ሲጠቀም እንደ አንድ ትልቅ ቤት ይቆጠርና ውድ ወደሆነው እርከን ይወጣል። በዚህ የተነሳ አንዱ ሌላውን በዓይኑ ይከታተላል። የማን ልብስ ስንቴ ታጠበ፣ የማን ቧንቧ ሲንጠባጠብ አደረ፣ ሁሉም ይታወቃል።

እስከዚያ ድረስ ሂሳቡ ለአራት እኩል ይካፈል ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ግን «እንጀራ ጋጋሪዋ ውሃውን ጨረሰችው» የሚል ወሬ በረታ። እሷ «ሊጥ ስንት ቢጠጣ ነው?» ብላ ስቃ ታልፈው ነበር። እማማ አንድ ቀን ማታ ደብተራቸውን ይዘው መጡና «ልጆቼ፣ እናንተ የኮምፒውተር ልጆች አይደላችሁ? ይሄን አስሉልኝና እገላገል» አሉን። ደስ አለን። ሁለት ወር ቢሮ ውስጥ ሌሎች የሠሩትን ስናይ ከርመን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእውነተኛ ሰው እውነተኛ ሥራ ልንሠራ ነው።

ደብተሩ ንጹሕ ነበር። እማማ ወር በገባ በ1ኛው ቀን ዞረው የሦስቱን ቤት ቆጣሪ ያነብባሉ። የእንጀራ ጋጋሪዋ ቆጣሪ ግን ማድ ቤቷ ውስጥ ስለሆነና እሷ እንጀራ ልታደርስ ስትወጣ በሩ ስለሚቆለፍ፣ የእሷ የሚነበበው በተገኘችበት ቀን ነው። ቤቱን የተከራየችው በመጋቢት 28 ነበር፤ ያን ቀን ቆጣሪው 412 ላይ ነበር። ከዚያ በሚያዝያ 30 421፣ በሰኔ 2 430፣ በሰኔ 29 438፣ በነሐሴ 4 448 ተጽፏል። አምስት ንባብ፣ አምስት ረድፍ።

የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች እንድትከተሉን ነገሩን በሌላ ምሳሌ እናስረዳ። ግድግዳችሁ ላይ የተለጠፈውን የሶላት ሰዓት ሰሌዳ እዩ። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የመግሪብ ሰዓት ከቀን ወደ ቀን እምብዛም አይነቃነቅም፤ ለተከታታይ ቀናት ያው ደቂቃ ተጽፎ ይቆይና ከዚያ በአንዲት ደቂቃ ይፈቀቅ ይሆናል። ይህን ለውጥ ለማወቅ የዛሬውን ረድፍ ይዞ የትናንቱን መቀነስ ነው። የወሩ 1ኛ ቀን ላይ ስትደርሱ ግን የቀደመው ረድፍ በተቀደደው ወረቀት ላይ ቀርቷል። ያን ጊዜ መልሱ ዜሮ አይደለም፤ መልስ የለም። ዳታቤዝ ይህን «ነል» ይለዋል።

የውሃ ቆጣሪም እንዲሁ ነው። 448 የሚለው ቁጥር ብቻውን ስለ ሐምሌ ምንም አይነግረንም፤ ቆጣሪው ከተገጠመ ጀምሮ ያለፈው ውሃ ሁሉ ድምር ነው። ፍጆታ የሚባለው በሁለት ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ኤስኪውኤል ውስጥ ለዚህ ሥራ «ላግ» የሚባል ፈንክሽን አለ፤ ከዚህ ረድፍ የሚቀድመውን ረድፍ ዋጋ አምጥቶ አጠገቡ ያስቀምጥልሃል። በኤስኪውኤል ደረጃ ውስጥ የገባው በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ማይኤስኪውኤል ደግሞ እስከ 2018 ድረስ አልነበረውም። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች ሰንጠረዡን ከራሱ ጋር እያጋጠሙ ይሠሩት ነበር። እኛ እድለኞች ነን፤ በአንድ መስመር እንጨርሰዋለን።

ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ሠራን፤ ቤት፣ ቀን፣ ንባብ። መጀመሪያ የቀኑን ዓምድ እንደ ቀን አድርገን ነበር። ለሙከራ ከደብተሩ የፊት ገጾች ላይ 30/02/2016 ስናስገባ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለን። ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውም። ለእማማ ግን ጥቅምት 30 ነው። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ አያውቃትም። ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር ነበረብን። መሽቶ ነበር፣ ደክሞናል፤ ዓምዱን ጽሑፍ አደረግነውና ሁሉም ገባ።

ከዚያ ኩዌሪውን ጻፍን። ፓርቲሽን ባይ ቤት፣ ኦርደር ባይ ቀን። የመጀመሪያው የአንዱ ቤት ንባብ ከሌላው ቤት ንባብ ላይ እንዳይቀነስ ይለያል፤ ብዙ ጀማሪ የሚስተው ይህን ነው። እኛ አልሳትነውም፤ ለዚህም በልባችን ራሳችንን አድንቀናል። ሁለተኛው ረድፎቹን በቅደም ተከተል ያሰልፋል። ነካነው።

የሦስቱ ቤቶች ያማረ ሆኖ ወጣ። የእንጀራ ጋጋሪዋ ግን 18፣ ከዚያ −36፣ ከዚያ 26፣ ከዚያ −17።

ቆጣሪ ወደኋላ አይሄድም። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብን። አንዳችን «ውሃ ሲጠፋ አየር ገብቶ ወደኋላ አዙሮት ይሆናል» አለ፤ ሌላኛችን «እማማ ገልብጠው ጽፈውት ይሆናል» አለ፤ ሦስተኛችን «አብስ» ጨመረ። አብስ የመቀነስ ምልክትን የሚያጠፋ ፈንክሽን ነው፤ −36 የነበረው 36 ይሆናል። ስክሪኑ ጸዳ። 18፣ 36፣ 26፣ 17። ድምሩ 97 ሜትር ኩብ።

እማማ በዚያው ጊዜ ውስጥ 40፣ ሾፌሩ ቤት 23፣ እኛ ቤት 21። በአራቱ ወር የተከፈለው 2,400 ብር ነበር። በፍጆታ ሲካፈል የእሷ ድርሻ 1,286 ብር ደረሰ። አስቀድማ 600 ከፍላለች፤ 686 ይቀራታል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ብዙ ከፍለን ኖሮ 322 ብር ተመላሽ ወጣልን። ከሰኔ በፊት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሌሎች ተከራዮች ስለነበሩ ግማሹ ያህል የእነሱ ሐቅ ነበር። እሱን እንኳ አላሰብንም። ሰው ገንዘብ ሲመጣለት ከየት መጣ ብሎ ለመጠየቅ ይሰንፋል መሰለን።

በማግስቱ ማታ እማማ እሷን ጠርተው በእኛ ፊት ነገሯት። ወረቀቱን ይዛ ቆመች። «97 ማለት መቶ ሊሞላ ሦስት ነው። የእኔ ቆጣሪ መቶ አልዞረም» አለች።

«ኮምፒውተሩ ነው ያሰላው» አልናት።

ይህን ነው ብለን ያልነው። አንዳችንም «እስቲ እንየው» አላልንም። 412 ላይ የተነሳ ቆጣሪ 448 ላይ ካለ 36 ብቻ እንደዞረ ለማወቅ ኤስኪውኤል አያስፈልግም፤ እሷ በቃሏ የነገረችን ያንን ነበር። እኛ ለማዳመጥ ጆሮ አልነበረንም። ሁሉም ሲጠረጥራት ስለከረመ መልሱ ከመውጣቱ በፊት መልሱን እናውቀው ነበር። 686 ብሩን በሁለት ጊዜ ከፈለች። ማታ ማታ ትልክልን የነበረው ትኩስ እንጀራም ቀረ። አልተቀየመችንም ይሆናል፤ አልጠየቅናትም።

አዲስ ዓመት ገባ። እማማ የበዓሉ ቡና ሳይፈላ ደብተራቸውን ይዘው ዞሩ፤ የእኛ ቤት ንባብ 232። 01/01/2017 ብለን አስገብተን ያንኑ ኩዌሪ ነካነው። የእኛ ቤት ፍጆታ 27 ሜትር ኩብ ሆኖ ወጣ፤ ያውም የሚያዝያ 1 ረድፍ አጠገብ።

በሚያዝያ እኛ ሳሊተ ምሕረትን አናውቃትም።

አሁን ማንም «አየር ነው» አላለም። ስህተት እንዳለ ለማመን ሁለት ደቂቃ አልፈጀብንም፤ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ የተከሰስነው እኛ ነን። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፤ ነገር ግን ከሆነው ሁሉ ይህንን ሳይጽፉ ማለፍ ተገቢ አልመሰለንም። ያው ኩዌሪ፣ ያው አብስ። እሷን ሲከስ ማስረጃ ነበር፤ እኛን ሲከስ ስህተት ሆነ።

አብሱን አነሳነውና የቀነስነው ምልክት ተመልሶ ወጣ፤ −27። ከዚያ ረድፎቹን ኩዌሪው በሚያሰልፋቸው ቅደም ተከተል አየናቸው። 01/01/2017 ከ01/08/2016 በፊት ቆሟል። ቀኑን ጽሑፍ ስላደረግነው የሚያሰልፈው መዝገበ ቃላት ቃላትን እንደሚያሰልፍ ነው፤ ከግራ በኩል ካለው አሃዝ ይጀምራል። ወር ሁሉ 1 ላይ የተነበቡት ሦስቱ ቤቶች ዓመቱ እስኪቀየር ድረስ በአጋጣሚ በትክክል ተሰለፉ። የእሷ ግን 02/10፣ 04/12፣ 28/07፣ 29/10፣ 30/08 ሆኖ ነበር። ሰኔ፣ ነሐሴ፣ መጋቢት፣ እንደገና ሰኔ፣ ሚያዝያ። ከነሐሴው 448 ቀጥሎ የመጋቢቱን 412 አስቀምጦ −36 አለን። ትክክል ነበር። የጠየቅነውን ነው የመለሰልን።

በሁለተኛ ዓመት የተማርነው ትዝ አለን። ኤድጋር ኮድ በ1970 እንደ ፈረንጆቹ ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበትን የዳታቤዝ ሞዴል ሲያቀርብ ሰንጠረዥን እንደ ስብስብ ነው ያየው፤ በስብስብ ውስጥ ደግሞ የፊትና የኋላ የለም። ፈተና ላይ «የረድፎች ቅደም ተከተል ትርጉም የለውም፤ እውነት ወይስ ሐሰት» ተብለን «እውነት» ብለን ነጥባችንን ወስደናል። ትርጉሙ ግን ያን ሌሊት ነው የገባን። ደብተር ላይ «ከላይ ያለው ረድፍ» የሚባል ነገር አለ፤ እማማ በእስክሪብቶ ከላይ ጽፈውታል። ዳታቤዝ ውስጥ ከላይ የሚባል የለም። የቱ እንደሚቀድም የምትነግረው አንተ ነህ፤ ስትሳሳት አይከራከርህም። አንዳንዴ ግን የመቀነስ ምልክት ያሳይሃል። እኛ አይተነው ደመሰስነው።

ማስተካከሉ ከአንድ ሰዓት አልበለጠም። ዓመቱን አስቀድመን፣ ወርና ቀኑን በሁለት ሁለት አሃዝ ጻፍነው፤ 2016/08/30። እንዲህ ሲሆን ጽሑፍም ቢሆን በትክክል ይሰለፋል፤ ጳጉሜንም 13 ተብላ ቦታዋን ታገኛለች። የእሷ ፍጆታ 9፣ 9፣ 8፣ 10 ሆነ። ድምሩ 36። የመጨረሻው ሲቀነስ የመጀመሪያውም 36። ልዩነቶቹ ሲደመሩ የግድ ይህን መስጠት አለባቸው፤ ይህችን ማጣሪያ ከአሁን በኋላ ሳንሠራ ሥራ ላለማስረከብ ተማምለናል። ሌላም ማጣሪያ ነበረልን። ዋናው ቆጣሪ በእነዚያ አራት ወራት የዞረው 123 ብቻ ነው። እኛ ያወጣነው የአራቱ ቤት ድምር 181 ነበር። ከመንገድ ያልገባ ውሃ ከየት መጥቶ ግቢ ውስጥ ይፈሳል? ደብተሩ ላይ ተጽፎ እያለ አላየነውም።

አንድ ነገር ቀረ። 36ቱ የ126 ቀን ፍጆታ ነው፤ የሌሎቻችን የ120 ቀን። ልዩነት ምንጊዜም የሁለት ንባብ መሃል ነው፤ መሃሉ ስንት ቀን እንደሆነ ካልተጠየቀ ማወዳደር አይቻልም። እዚህ ላይ የአገራችን አቆጣጠር ደግ ነው። ዓመቱን በ365 አባዙ፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚወጣውን ሙሉ ቁጥር ደምሩበት፤ ያለፉትን ወራት በ30 አባዝታችሁ ደምሩ፤ ቀኑን ጨምሩ። የሁለት ቀን ውጤት ሲቀናነስ በመካከል ያሉት ቀናት ይወጣሉ፤ ባለ 6 ቀኗ ጳጉሜን ሳትቀር ትቆጠራለች። ፈረንጆቹ ለዚህ ስንት ቀዳዳ መድፈን እንዳለባቸው ሞክራችሁ እዩት።

በቀን ሲሰላ የእሷ ፍጆታ ለ120 ቀን 34 ከምናምን ሜትር ኩብ ሆነ። ድርሻዋ 695 ብር። ያስከፈልናት 1,286። 591 ብር ሐቋን ይዘን ነበር። ከዚህ ውስጥ 148ቱ እኛ ጋ፣ 162ቱ ሾፌሩ ቤት፣ 281ዱ እማማ ጋ ነው። ግቢው ውስጥ ብዙ ውሃ የሚያወጣውም የእማማ ቤት ሆኖ ተገኘ፤ 40።

ይህን ለእማማ መንገር ከሁሉ በላይ አስፈርቶን ነበር። ወረቀቱን ይዘን በራቸው ላይ ሦስቴ ተመላለስን። ሰምተው ዝም አሉ። ቆይተው «እኔው ነኛ!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። «የአትክልቱ ነው። ጎመኔን ሳጠጣ ነው። እሷን ስናስለቅስ ከርመን!» አሉና ከመቀነታቸው ፈትተው ቆጥረው ሰጡን። ለቀድሞዎቹ ተከራዮች የሚሆነውንም «ስልካቸው አለኝ» ብለው ተቀበሉን። ሾፌሩ ትንሽ አጉረመረመ፤ ደሞዝ ሲወጣ ሰጠ።

በመስከረም 9 ገንዘቡን ይዘን ማድ ቤቷ በር ላይ ቆምን። ምጣዱ ላይ ነበረች። ሁሉንም ነገርናት፤ አብሱንም። ያ ያልተጠረገ ውጤት የታተመበትን ወረቀት ስናሳያት በዱቄት ጣቷ ነካችው።

«ይቺ ጭረት ምንድን ናት?»

«መቀነስ ናት። ቆጣሪው ወደኋላ ሄደ ማለት ነው።»

«የእኔ ቆጣሪ ወደኋላ ሄዶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ይቺን ስታዩ ለምን እኔን አልጠየቃችሁኝም?»

ይቅርታ ጠየቅናት። አውፍ አለችን፤ ያለችው ግን ምጣዷን እያሰሰች፣ ወደ እኛ ሳትዞር ነው። ብሩን ተቀብላ ሳትቆጥረው ጡቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ 6ኛ ክፍል የሚማረውን ልጇን ጠራችና «ከዛሬ ጀምሮ ደብተሩ ላይ አንተም ትጽፋለህ» አለችው። ቆጣሪው ያለው ጥግ ጨለማ ስለሆነ በስልካችን አበራንለት። አንገቱን አዙሮ 459 አነበበ። የእማማን ደብተር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ 459 ከላይ፣ 448 ከሥር አድርጎ ጻፈና ቀነሰ። 11። አጠገቡ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ምን እንደሚጻፍ ጠየቀን። ቀናቱ ነው አልነው፤ ከነሐሴ 4 እስከ መስከረም 9። በጣቱ ቆጠረ፤ ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ አምስት ናት ስድስት አለን። አምስት አልነው። 40 ብሎ ጻፈ።